ስልኩ ያልሰማው ምት

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ የሳሎን ስፒከር የት ቢቀመጥ እንደሚሻል ተጨዋውተን ነበር። የዚህን ወር ርእስ የሰጡኝ ደግሞ ጎረቤቶቼ ናቸው። ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ በመቅረጽ እንደምተዳደር ስለሚያውቁ፣ የድምፅ ነገር ሲነሣ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ጠርተውኝ ሄድኩ። ቶናው ሲቀዳ ጨዋታው ወደ ልጃቸው ዞረ።

ልጁ 17 ዓመቱ ነው፤ ድራም ይመታል። ጓደኛው ግቢ ውስጥ ባለች ሰርቪስ ቤት ያገለገለ ድራም አላቸው፤ ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ይለማመዳል። አንድ የሙዚቃ ማሠልጠኛ ለመግቢያ የ3 ደቂቃ ቅጂ እንዲልክ ጠይቆታል። ልጁም በስልኩ ቀረጸና ለአባቱ አሰማ። አባትየው አዳምጦ ሲጨርስ፣ “ስምንት ወር የለፋኸው ለዚህ ነው? ካርቶን የሚደበድብ ሰው ነው የሚመስለው” አለው። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ድራም ለአባቱ ትንፍሽ አላለም።

ለእናቱ ግን ነግሯታል። “ችግሩ የኔ አይደለም፣ የማይክ ነው። ለኪክ ድራም የሚሆን ማይክ ይገዛልኝ” ብሏል። ኪክ ድራም ማለት ድራም መቺው በእግሩ ፔዳል የሚመታው፣ መሬት ላይ የሚቀመጠው ትልቁ ከበሮ ነው። ልጁ የመረጠው ማይክ አሜሪካ 200 ዶላር ገደማ ያወጣል። እዚያ ያለችው ታላቅ እህቱ ልትልክለት ፈቃደኛ ናት፤ ነገር ግን ያ ገንዘብ ለታናሽየዋ የትምህርት ቤት ክፍያ የታሰበ ነበር። እናትየው ስኒዬን ተቀብላኝ፣ “ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይኼ ማይክ የግድ ነው ወይስ የልጅ አምሮት?” አለችኝ።

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁ ወላጆች ብዙ ናቸው። ዛሬ ጊታር ነው፣ ነገ ኪቦርድ፣ ከነገ ወዲያ ማይክ። ስለዚህ የዚያን ቤት ነገር እንዴት እንደፈታነው ላጫውታችሁ።

አባት የሰማው ማንን ነው?

መጀመሪያ ልጁን ጠርቼ የስልኩን ቅጂ አስከፈትኩት። እውነትም ካርቶን ነው። ታዲያ አባትየው አልዋሸም፤ ነገር ግን የሰማው ልጁን አልነበረም፣ ስልኩን ነው።

የኪክ ድራም ዋናው አካሉ፣ ደረት ላይ የሚሰማው ያ “ዱም” የሚለው ድምፅ፣ በአብዛኛው ከ50 እስከ 80 ሄርዝ አካባቢ ነው። አየሩ በሴኮንድ ከ50 እስከ 80 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። የስልክ ማይክ የተሠራው ለሰው ንግግር ስለሆነ፣ የነፋስና የመኪና ጉምጉምታ እንዳይረብሽ ሲባል ብዙ ጊዜ ዝቅተኛው ድምፅ ይቀነስበታል። በዚያ ላይ ስልኩ ድምፁን በራሱ ያስተካክላል፤ ጠንካራ ምት ሲመጣ ይጫነዋል፣ ዝም ሲል ከፍ ያደርገዋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ያን ቅጂ በዚያው ስልክ ስፒከር ስንሰማው፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም ያልበለጠ ስፒከር 60 ሄርዝ ያወጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

የሚገርመው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ልጁ ሲለማመድ የሰርቪስ ቤቷ ጎረቤቶች በግድግዳው አልፎ የሚሰማቸው ኪኩ ብቻ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ግድግዳ አይበግረውም። ጎረቤት የሚሰማውን ስልክ አይሰማም፣ ስልክ የሚሰማውን ጎረቤት አይሰማም። አባትየው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ ነው የፈረደው።

ይህን ስነግራቸው አባትየው ዝም ብሎ ስኒውን አዞረ። እኔም “ቅዳሜ ጠዋት ማይኮቼን ይዤ ልምጣና እንየው፤ ከዚያ በፊት ምንም እንዳትገዙ” አልኩ። ዕቃ የሚጭን መኪና ስላስፈለገ ሹፌራችን አባትየው ሆነ።

ከማይኩ በፊት ከበሮው

ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ ሰርቪስ ቤቷ ደረስን። በግምት 3 ሜትር በ4 ሜትር ናት። ድራሙ መደበኛ ነው፤ ኪኩ 22 ኢንች፣ ማለትም 56 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። የፊት ቆዳው ላይ የማይክ ማስገቢያ ቀዳዳ አለው። ማይክ ሳላወጣ ልጁ እንዲመታ አደረግኩ። ቀጥታ በጆሮዬ ስሰማውም ካርቶን ነው! ለካስ ስልኩም ሙሉ በሙሉ አልዋሸም።

የፊት ቆዳውን ፈትተን ስናየው ውስጡ እስከ አፉ በፍራሽ ስፖንጅ ተጠቅጥቋል። ልጆቹ ጎረቤት እንዳይረበሽ ብለው ያደረጉት ነው። አየር የሚንቀሳቀስበት ቦታ የሌለው ከበሮ ደግሞ አይጮህም። መቺው የሚያርፍበት ቆዳም ላልቶ ጫፉ ተጨማዷል። በዚህ ከበሮ ፊት የ200 ዶላር ማይክ ብናቆም፣ የምናገኘው የ200 ዶላር ካርቶን ነበር።

ስፖንጁን በሙሉ አወጣን። የቆዳውን ብሎኖች በሙሉ አላልተን በጣት ብቻ አጠበቅናቸው፤ ከዚያ በቁልፍ ሩብ ሩብ ዙር፣ አንዱን ከላይ ሌላውን ከትይዩው ከታች እያልን፣ መጨማደዱ እስኪጠፋ ወጠርናቸው። ከእያንዳንዱ ብሎን አጠገብ ቆዳውን በጣት መታ መታ እያደረግን ድምፃቸው እኩል እስኪመጣ አስተካከልን። ሲጥ ሲጥ የሚለውን ፔዳልም ዘይት ጠብ አደረግንበት፤ ጆሮ የማያስተውለውን ሲጥታ ማይክ ይይዘዋል።

አሁን ደግሞ ከበሮው ከልክ በላይ አስተጋባ። ቆዳውን በስሱ የሚነካ አንድ ለስላሳ ነገር ያስፈልግ ነበር፤ ትራስ ወይም የተጣጠፈ ብርድ ልብስ። በቤቷ ምንም የለም። አባትየው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ጠዋቱ ስለበረደ ጋቢ ደርቧል። ጋቢውን አወለቀና “ይኼ ይሆናል?” አለ። ሆነ። አጣጥፈን ከታች አነጠፍነው፤ ጫፉ መቺው የሚያርፍበትን ቆዳ በትንሹ እንዲነካ አደረግን። ልጁ መታ። “ዱም” አለ፤ ወዲያውም ቆመ።

በዚህ ነገር አባትየው የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን ውስጥ ቢትልስ ሪቮልቨር የተባለውን አልበም ሲቀርጹ፣ የ20 ዓመቱ የድምፅ ባለሙያ ጄፍ ኤመሪክ በሪንጎ ስታር ቤዝ ድራም ውስጥ የሱፍ ሹራብ ከተተበት። ማይኩንም የስቱዲዮው ደንብ ከሚፈቅደው በላይ አስጠጋው፤ ደንቡ የወጣው የከበሮው የአየር ግፊት ማይኩን ይጎዳል ተብሎ ነበር። ዛሬ በየስቱዲዮው ኪክ ውስጥ ትራስ ከትቶ ማይክን ማስጠጋት የተለመደ ሥራ ነው።

ማይኩ የት ይቁም?

ሁለት ማይክ አወጣሁ። አንዱ ሹር ኤስ.ኤም. 57 ነው፤ ከ1965 ጀምሮ የሚሸጥ፣ ለሁሉም ነገር የሚሆን ቀላል ማይክ። ሁለተኛው ለኪክ ተብሎ የተሠራው፣ እንቁላል የመሰለው ኤ.ኬ.ጂ. ዲ 112 ነው። ልጁን “የትኛው ይሻላል እንዳትለኝ፤ መጀመሪያ የት እንደሚቆም እንፈልግ” አልኩት። በኤስ.ኤም. 57 ብቻ አራት ቦታ ሞከርን።

አንደኛ፣ በቀዳዳው አስገብተን መቺው ከሚያርፍበት ቆዳ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አስጠግተን። እዚህ የሚጎላው “ጠቅ” የሚለው የመቺው ድምፅ ነው። ፈጣን ሙዚቃ ውስጥ እግሩ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን ደረቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ከበሮው ውስጥ መካከል ላይ፣ ከመሐል ትንሽ ወደ ጎን ገለል ብሎ። ጠቅታውም አካሉም ተመጣጥነው ይመጣሉ። በአንድ ማይክ ለሚቀርጽ ሰው ጥሩ መነሻ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ፣ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆኖ። ወፍራሙ ድምፅ እዚህ ይበዛል። ነገር ግን በቀዳዳው የሚወጣው አየር እንደ ትንፋሽ ማይኩን ስለሚመታው፣ ከቀዳዳው መሐል ገለል አድርጎ ማቆም ያሻል።

አራተኛ፣ ከፊት ቆዳው ውጭ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ። ድምፁ ሰፊና ክብ ነው፤ ግን ሲምባሉም ስኔሩም አብረው ይገባሉ። በትንሽ ክፍል ብዙም አያዋጣም።

የምመክረው አሠራር ቀላል ነው። ልጁ ቦታውን በቃሉ ይናገራል፣ “አንድ” ይላል፣ ከዚያ እኩል ኃይል ያላቸው ስምንት ምቶች ይመታል። “ሁለት” ይላል፣ እንደገና ስምንት። መጨረሻ ላይ ሁሉንም አከታትሎ መስማት ነው። ስትሰሙ የአራቱንም ጩኸት እኩል አድርጉት፤ ጆሯችን ከፍ ብሎ የሚጮኸውን ሁልጊዜ “ይሻላል” ይለዋልና። ማይኩን 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ማንቀሳቀስ ምን ያህል እንደሚለውጠው ልጁ በራሱ ጆሮ ሲሰማ ዓይኑ በራ።

የመቅጃው መጠንም አይዘንጋ። የሙዚቃውን በጣም ኃይለኛ ቦታ አስመቱና መለኪያው ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ አድርጉ። ቀይ የነካ ቅጂን በኋላ ማዳን ያስቸግራል፤ ዝቅ ብሎ የተቀረጸ ግን ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ሁለቱ የከበሮ ፊቶች

ቀጥሎ ዲ 112ን ቀዳዳው ላይ፣ ኤስ.ኤም. 57ን ውስጥ አድርገን ሁለቱን አብረን ቀረጽን። ይህን ጊዜ አባትየው ወደ ውስጥ ገባና “ለአንድ ከበሮ ሁለት ማይክ ምን ያደርጋል?” ሲል ጠየቀ።

በወጣትነቱ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ይመታ እንደነበር አውቅ ነበር። “የኛ ከበሮ ስንት ፊት አለው?” አልኩት። “ሁለት ነው፤ ሰፊውና ጠባቡ” አለ። “ሰፊው ምን ይላል?” “ይጎረናል።” “ጠባቡስ?” “ይጠራል።” “እንግዲህ ኪክም ሁለት ድምፅ አለው። እግሩ በሚመታበት በኩል ጥርት ያለው፣ በፊት በኩል ጎርናናው። ሁለቱን በየማይካቸው ትይዝና በኋላ እንደምትፈልገው ትቀላቅላለህ” አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ልጁ አባቱ ከበሮ መቺ እንደነበር የሰማው ያኔ ነው መሰለኝ፣ ቀና ብሎ አየው።

ሁለት ማይክ ሲኖር ግን አንድ ወጥመድ አለ። ድምፅ በአየር ውስጥ 1 ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ አንዱ ምት ሁለቱ ማይኮች ዘንድ በተለያየ ጊዜ ይደርሳል። በዚህ የተነሣ አንዱ ማይክ “ግፋ” ሲል ሌላው “ሳብ” ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ሁለቱ ሲደመሩ ይጣፋሉ፤ ወፍራሙ ድምፅ ድራሹ ይጠፋል። መፍትሔው በሚክሰሩ ወይም በኮምፒውተሩ ላይ የአንዱን ማይክ ሞገድ የሚገለብጠውን ቁልፍ (ዜሮ ላይ ሰረዝ ያለበትን ምልክት) መጫን ነው። ተጭናችሁ ስሙ፣ ለቃችሁ ስሙ፤ ወፍራሙ ድምፅ የሚበዛበት ትክክለኛው ነው።

ለልጁ ቅጂ ግን የያዝነው ሳውንድ ካርድ ሁለት ማስገቢያ ብቻ ስላለው አንዱን ማይክ ለኪክ፣ ሌላውን ለጠቅላላው ድራም መደብን። ኤስ.ኤም. 57ን ሁለተኛው ቦታ ላይ አስቀረን። ከስኔሩ በላይ 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርገን ደግሞ አንድ ኮንደንሰር ማይክ ወደታች አዞርን። ኮንደንሰር ማይክ ከሳውንድ ካርዱ 48 ቮልት ስለሚፈልግ፣ ያ ቁልፍ ካልበራ አይሠራም። የግልበጣ ቁልፉን ሞክረን የሚሻለውን ያዝን።

ክፍሉና ጆሮ

ልጆቹ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈዋል። ይህ በከተማችን የተለመደ ነው፤ ግን ብዙ አይጠቅምም። ቀጭኑን ድምፅ በጥቂቱ ያለሰልስ ይሆናል እንጂ ኪክን አያቆምም፤ ጎረቤትንም አያሳርፍም። የ60 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 5.7 ሜትር ስለሚደርስ፣ ካርቶን ለእርሱ ወረቀት ነው። ከዚያ ይልቅ ድራሙን ከክፍሉ ጥግ ማራቅ ይሻላል፤ ጥግ ላይ ወፍራሙ ድምፅ ይጎመጉማል። ትክክለኛው የክፍሉ መሐልም አይሁን፤ እዚያ ደግሞ ይከሳል። በሁለቱ መካከል እያንቀሳቀሱ መስማት ነው። ትርፍ ፍራሽ ካለ ጥግ ላይ ማቆም ትንሽ ይረዳል። ለጎረቤት ግን መድኃኒቱ የታወቀ ሰዓትና ቀድሞ ማስፈቀድ ብቻ ነው።

ለእናቶችና ለአባቶች ከማይክም በላይ የማሳስበው ጆሮን ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም መመዘኛ 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን እስከ 8 ሰዓት ይፈቀዳል፤ 100 ዴሲቤል ግን 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በትንሽ ክፍል ውስጥ ድራም 100ን በቀላሉ ያልፋል። ልጃችሁ ድራም ከጀመረ መጀመሪያ የምትገዙለት ዕቃ የጆሮ መከላከያ ይሁን። የተጎዳ ጆሮ አይተካም።

ታዲያ ማይኩ ይገዛ?

ለእናትየዋ የሰጠኋት መልስ “አሁን አይገዛ” የሚል ነው። ድምፁን የለወጡት በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦ ስፖንጁ መውጣቱ፣ ቆዳው መወጠሩ፣ ጋቢው፣ የማይኩ ቦታ። የማይኩ ዓይነት የመጣው አምስተኛ ላይ ነው። አራቱ ምንም አላስወጡም።

ልጁ ከዓመት በኋላም በዚሁ ከገፋና መግዛት ከተፈለገ፣ መጀመሪያ ኤስ.ኤም. 57ን ወይም እርሱን የመሰለ ዳይናሚክ ማይክ እመክራለሁ። ልጁ ከመረጠው ማይክ ዋጋው ግማሽ ገደማ ነው፤ ለስኔር፣ ለጊታር፣ ለድምፅም ይሆናል። ለኪክ ብቻ የሚሆኑት፣ ማለትም ዲ 112፣ የሹር ቤታ 52ኤ፣ የኦዲክስ ዲ 6፣ ወፍራሙንና ጠቅታውን አጉልተው መካከለኛውን እንዲቀንሱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ጥሩ ናቸው፤ ግን ሥራቸው አንድ ነው። ከበሮው ውስጥ ትራስ ላይ የሚጋደመው የሹር ቤታ 91ኤ ደግሞ ኮንደንሰር ስለሆነ 48 ቮልት ይፈልጋል። ስትገዙ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ የኤስ.ኤም. 57ና 58 አስመስሎ የተሠራ ሐሰተኛ ዕቃ በዓለም ገበያ ሞልቷል። ዋጋው ለማመን የሚያስቸግር ከሆነ አትመኑት። ለአንድ ቀን ቅጂ ከሆነ ደግሞ መዋስ ወይም ስቱዲዮ ለጥቂት ሰዓት መከራየት በቂ ነው።

ቅጂውን ስንጨርስ ልጁ ስልኩን አውጥቶ ሊሰማ ሲል ከለከልኩት። “መኪና ውስጥ” አልኩ። እኛ ባለሙያዎችም ሥራችንን መኪና ውስጥ እንፈትሻለን፤ ስፒከሩ ወፍራሙን ድምፅ ያወጣል፣ ብዙ ሰውም ሙዚቃ እዚያ ይሰማል። አባትየው መሪው ላይ፣ ልጁ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። 3 ደቂቃውን ማንም ሳይናገር ሰማነው።

ሲያልቅ አባትየው እንደገና ከፈተው። መሐል ላይ ጣቱን አንሥቶ “ይኼ እግርህ ነው?” ሲል ጠየቀ። ልጁ “አዎ አባዬ” አለው። አባትየው ትንሽ አዳመጠና፣ “አይቸኩልም። እኔ በዚያ ዕድሜዬ እቸኩል ነበር” አለ።

ቅጂው ተልኳል፤ ውጤቱ ገና አልመጣም። የ200 ዶላሩ ነገር ቀርቷል፤ የታናሽየዋ ክፍያም ተከፍሏል። ጋቢው ግን እስከ ዛሬ ኪኩ ውስጥ ነው። እናትየው “መቼ ልጠበው?” ብትል አባትየው “ተይው፣ ሥራ ላይ ነው” ብሏታል።

ውድ አንባቢያን፣ ልጃችሁ የሠራውን ነገር በስልክ ስፒከር ስታዩትና ስትሰሙት፣ ከመፍረዳችሁ በፊት አንድ ቀን ዕቃው ያለበት ቦታ ድረስ ሂዱ። ደግሞም መኪና ውስጥ አብራችሁ አዳምጡ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።